ዳማ ያላሳረፈው እግር

እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወሩ ሰዎችን የማያቸው በንቀት ነው፣ አልደብቅህም፣ ጥላ አለፈብኝ፣ በሩ በራሱ ተከፈተ የሚል ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ቦታ እቀይራለሁ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከሆነና መቀየሪያ ካጣሁ ደግሞ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። አሁን አንተም እኔን እንደዚያ ብታየኝ አልፈርድብህም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

እንጅባራ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ስራውን ለማታውቀው ላስረዳህ፣ ፕሮግራም ሲሳሳት ስህተቱን የምንፈልግበት ዲበገር የሚባል መሳሪያ አለ፣ ፕሮግራሙን እየሄደ ሳለ መሃል ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆምልሃል፣ ከዚያ አንድ ቁልፍ በተጫንክ ቁጥር አንድ መስመር ብቻ እያራመድክ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታያለህ። አብሮኝ ቢሮ የሚጋራው ደሳለኝ ግን ይህን በእጁ አይነካም። ምን ያደርጋል መሰለህ? ያጠፋና ያበራል! ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራና ከሰራለት «ተስተካከለ» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ዲግሪ አለው እኮ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እኔ ስህተት ሁሉ ምክንያት አለው ባይ ነኝ፣ አቁመህ ካየኸው ይገኛል፣ አልተገኘም የሚል ሰው ሰነፍ ነው እላለሁ። እል ነበር።

ያሳደጉኝ አጎቴ አያ ካሴ ናቸው፣ አባቴ ሳላውቀው ስለሞተ አባትም እናትም እሳቸው ናቸው፣ ከግምጃ ቤት ወጣ ብለው ይኖራሉ። ፈረሰኛ ናቸው። ዳማ የሚሉት ቀይ ፈረስ አላቸው፣ እመነኝ፣ ከሚስታቸው ከእትዬ ሙሉ አብልጠው ነው የሚሳሱለት፣ ሲቆጡት በአገውኛ፣ ሲያባብሉትም በአገውኛ። የጎረቤት ፈረስ ተሰርቆ እንቅልፍ ቢያጡ ጊዜ አንድ ነገር ሰራሁላቸው፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሳሪያ ሲም ካርድ አስገብቼ፣ በቆዳ ሰፍቼ ዳማ አንገት ላይ አሰርኩለት፣ እሷ ፈረሱ ያለበትን ቦታ በኔትወርክ ትልካለች፣ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ካርታ ዘርግቶ ፈረሱን በቀይ ነጥብ ያሳያል። እትዬ ሙሉ አይተውት «ምን ሰይጣን ነው ያሰርክበት?» አሉኝ። ሰው ያልገባውን ሁሉ ለሰይጣን ማሸከም ይወዳል።

ባለፈው ክረምት አያ ካሴን የሳንባ ምች ጣላቸው። ጤና ጣቢያ አይተዋቸው መድኃኒት ሰጥተው መለሷቸው፣ ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ ደውሎ «መድኃኒቱ ከያዘላቸው ይተርፋሉ፣ ካልያዘላቸው ግን ልባችሁን አጽኑ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ላይ እቤታቸው ደረስኩ፣ ጉሙ የቀርከሃውን አጥር ውጦታል፣ እሳቸው ጓዳ ተኝተው ይተነፍሳሉ፣ ትንፋሹ ከሳሎን ይሰማል፣ እትዬ ሙሉ አጠገባቸው ሆነው ከንፈራቸውን በጨርቅ ያርሳሉ። ምን ላድርግ? ማልቀስ አልችልበትም፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ነጥቧ እየሄደች ነው። ብቅ ብዬ ጋጣውን አየሁ፣ ዳማ ታስሮ ገለባውን ያላምጣል። ስቄ ተመለስኩ፣ ጉም ሲሆን መሳሪያዋ ቦታ ትስታለች፣ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። የሳተች ነጥብ ግን ወዲያና ወዲህ ነው የምትዘል፣ ይህቺ ከግቢው ወጥታ መንገዱን ይዛ፣ ኩርባው ላይ ታጥፋ፣ ቀስ እያለች ነበር የምትሄደው። ያ መንገድ ወደ ቤተክርስቲያን ነው የሚወስደው። እኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ አምሮ፣ ሰው ሳይቀመጥበት ከአስከሬኑ ፊት ፊት ይሳባል፣ በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ አካሄድ። ይህን ማሰቤ ራሱ አናደደኝ፣ የባልቴት ወሬ ብዬ ራሴን ሰደብኩና ዲበገሩን አስነሳሁ።

ፕሮግራሙን ቦታ የሚቀበልበት መስመር ላይ አቆምኩት። ነጥቧ ቆመች። ቁልፉን አንዴ ተጫንኩ፣ አንድ መስመር አለፈ፣ ውጭ ደግሞ «ኳ» የሚል የኮቴ ድምፅ ሰማሁ፣ ኮቴ ድንጋይ ሲረግጥ ታውቀው የለ? እንደገና ተጫንኩ፣ ኳ። እጄን አነሳሁ፣ ጸጥ። የጋጣው ወለል ጭቃ ነው እኮ፣ ድንጋይ የሚባል ነገር የለውም! ተነስቼ ስሄድ ዳማ ገለባውን በአፉ እንደያዘ ማላመጡን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጆሮው እንኳ አይንቀሳቀስም። በንዴት መሳሪያዋን ከአንገቱ ፈታሁ፣ ሲም ካርዱን አወጣሁ፣ ባትሪዋን ነቀልኩ፣ ሬሳዋን አምጥቼ ላፕቶፑ ጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳትና «እስኪ አሁን ላኪ!» አልኳት። ለዕቃ መናገሬን ልብ በል።

ቁልፉን ተጫንኩ። አዲስ ቦታ መጣ። ነጥቧ ገፋ አለች፣ ኳ።

ዲበገሩ ሌላም ነገር ያሳያል፣ የቆምክበትን መስመር ማን እንዳስነሳው ወደ ኋላ ይነግርሃል፣ ይህን ያዘዘው ያ ነው፣ ያን ያዘዘው ደግሞ ያኛው ነው እያለ እስከ መነሻው ድረስ። እሱ የማይዋሽ ነገር ነው፣ ሕይወቴን ሙሉ የተመካሁትም በእሱ ነው። ከፍቼ አየሁት፣ ባዶ ነው። ያዘዘ የለም።

በዚህ መሃል ከጓዳ «ዳማን ማን ጫነው?» የሚል የአያ ካሴ ድምፅ መጣ።

«ማንም አልጫነውም አያ፣ ጋጣው ነው ያለ፣ ይረፉ።»

«ኮርቻው ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማኛል፣ የተቀመጠበት ሰው ግን የለም» አሉና ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። እትዬ ሙሉ በር ላይ ብቅ ብለው «ኧረ ልጄ፣ ሊያመልጡን ነው!» ብለው ጮኹ። ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ፣ እኔ ምንም ሳልነካ ፕሮግራሙ ራሱን ለቅቆ ነጥቧ መንገዱን ይዛ ትገሰግሳለች፣ ውጭ ኮቴው ኳ ኳ ኳ ይላል፣ የቤተክርስቲያኑ በር ደርሳለች፣ አንድ እርምጃ ቀርቷታል። የማስቆሚያውን ቁልፍ መታሁት። ደነገጥኩ፣ ፈራሁ፣ ምን ልበልህ፣ እንደ ልጅ ፈራሁ።

ሁሉም ቆመ። ኮቴው ቆመ፣ ነጥቧ በሩ ላይ ቆመች። ከጓዳ ረዘም ያለ ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዚያ አያ ካሴ «ውሃ ስጡኝ» አሉ፣ ውሃውን ጠጥተው «ይህ ልጅ መጥቶ አሁንም ኮምፒውተር ላይ ነው የተጣደው?» ብለው ሰደቡኝ። ትኩሳቱ ወዲያው ለቀቃቸው፣ በሳምንቱ ተነስተው አጥር አጥረዋል። መድኃኒቱ ነው ትላለህ፣ እኔም እንደዚያ ነው የምለው፣ ጤነኛ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ላፕቶፑን ግን እስካሁን አልዘጋሁትም። ፕሮግራሙ እዚያው መስመር ላይ እንደቆመ ነው፣ መብራት ሲጠፋ የሶላር ባትሪ ላይ እሰካዋለሁ፣ በሄድኩበት ሁሉ እንደ ታቦት ተሸክሜው እዞራለሁ። በቀደም ደሳለኝ ለእኔ ደግ የሰራ መስሎት «ይሄ ነገር ከተጣበቀ ቆይቷል፣ አጥፍቼ ላብራልህ?» ብሎ ጣቱን ሲሰድ ኮሌታውን አንቄ ይዤው ነበር፣ ቢሮው ሁሉ ስቆብኛል። ሰው ንቄ የኖርኩት ሰውዬ አሁን የሚናቀው እኔ ነኝ፣ አንድ ቁልፍ መጫን የሚፈራ ፕሮግራመር አይተህ ታውቃለህ?

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዳማ ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ካሴን አያስቀርብም፣ ሲጠጉት ጆሮውን አጣብቆ ይሸሻል፣ ያሳደገው እጅ ባዕድ ሆኖበታል። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ቤተክርስቲያኑ አዙሮ አጥሩ ስር ይቆማል፣ የፊት እግሩን ያነሳል፣ አያሳርፈውም። የእንስሳት ሐኪሙ ኮቴውን አገላብጦ አይቶ ምንም የለበትም ብሎ ሄደ። እንዲህ ከሆነማ እሱም ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ይስቀል።

ዛሬ ጠዋት አያ ካሴ ደወሉልኝ። እትዬ ሙሉ በር ላይ ሆነው ቁልፉን ስመታ ያዩትን ነግረዋቸዋል ማለት ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «እህል በላሁ፣ አይጣፍጠኝም፤ ተኛሁ፣ እንቅልፍ የለም፤ ፈረሴም ሊያውቀኝ አልቻለም» አሉ። ቀጠሉ፣ «አንተ ተማርኩ ባይ፣ ማስቆሙን ሲያስተምሩህ መልቀቁን አላስተማሩህም?»

የመልቀቂያው ቁልፍ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ፣ ደሳለኝ እንኳ ያውቀዋል። «ኔትወርኩ ተቆራረጠ አያ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባቸው፣ ከዚያ ተነስቼ የላፕቶፑ ቻርጀር በደንብ መሰካቱን አየሁ።