ሄሎ የተጻፈበት ፒንሳ

ሟቹ በጀርባው ተዘርግቷል። በቀኝ እጁ ሽፋኑ የተላጠ ሰማያዊ ገመድ ይዟል። ወደ ክፍሉ ብቅ ብሎ ያየ ሁሉ «ወይኔ! ኤሌክትሪክ ያዘው!» እያለ ይመለሳል። ሕዝብ በአንድ አፍ የተስማማበት ሞት ደግሞ ኢንስፔክተሯን ጥሟት አያውቅም። በዚህ ሥራ ጸጉሯ የሸበተው ከሌላው ጋር ያልተስማማውን ነገር ስትፈልግ ነው።

ተንበረከከች። መዳፉ ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። ከቀኝ ጆሮው በላይ ግን ጥቅጥቅ ያለው ጸጉር የሸፈነው ቁስል አገኘች።

«ወድቆ ይሆን?» አለች ሐኪሙን።

«ወለሉ ለጥ ያለ ነው። ይሄ ማዕዘን ባለው ከባድ ነገር የተመታ ነው። የሞተውም ምሳ ሰዓት ላይ ነው።»

ዙሪያዋን ቃኘች። ሟቹ የመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ክፍል አለቃ ነበር፤ ክፍሉንም በወግ ነው የያዘው። የብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ የተደረደሩት ዕቃዎች አረንጓዴ መብራታቸውን ያርገበግባሉ። አንድ ቦታ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ አዲስ ካርቶን አለ፤ ውስጡ ያለው ማሸጊያው ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ፒንሳዎች ተሰቅለዋል፤ እጀታቸው ላይ ስም ተለጥፏል፦ «አለቃ»፣ «ረጅሙ»። ሦስተኛው የፋብሪካ ቅባቱ ገና አልለቀቀውም፤ «ሄሎ» ይላል።

«ሄሎ የሚባለው ማነው?»

«ሬሳውን ያገኘችው ልጅ ናት» አለ ሳጅኑ። «ሄልፕ ዴስክ፣ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሁሉ የሚደውልበትን ስልክ የምታነሳዋ። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠዋት አለቃው ከዚህ ክፍል እየጮኸ አባሯታል። ፎቁ ሁሉ ሰምቷል።»

ኢንስፔክተሯ ፒንሳውን ደግማ አየችው።

ሄሎ ስልኮቿ መሀል ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ስልኮቹ ሐዘን አያውቁም፤ ይጮኻሉ።

«ኔትወርክ ክፍል መግባት ትፈልጊ ነበር አሉ።»

«አለቃን ስለምነው ነው የከረምኩት። እዚህ ቀኑን ሙሉ ‹ተሰክቷል ወይ? አጥፍተው ያብሩት› ስል ነው የምውለው። ምላሴ ሲሠራ ይውላል፣ እጄ ሥራ ፈት ነው። በኋላ ራርቶልኝ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያስተምረኝ ጀመር። ላስገባሽ ነው ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተፈጠረ?»

«አዲስ ስዊች መጥቶ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ እርስ በርስ የሚያገናኘው ዕቃ ማለቴ ነው። ለልምምድ አስነሺው አለኝ። ሳስነሳው ስክሪኑ ላይ የሌላ መሥሪያ ቤት ስም ጻፈ። ‹አለቃ፣ ይሄ አዲስ አይደለም እንዴ?› አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። ቀና ብሎ በክፍቱ በር ወደ ኮሪደሩ አየና ‹ወደ ስልክሽ! ምንም የነካሽው ነገር የለም! ይሄ ክፍል ያንቺ አይደለም!› ብሎ ጮኸብኝ።» ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ያበላሸሁበት መሰለኝ። ከምሳ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ነው… እንዲያ ሆኖ ያገኘሁት።»

ኢንስፔክተሯ ለማጽናናት አልቸኮለችም። የገደለም ያለቅሳል። ከሁሉም ይልቅ አንድ የልጅቷ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ወደ ክፍሉ ተመለሰች፤ ከሟቹ እጅ የተነሳውን ሰማያዊ ገመድ ተከትላ እየዳሰሰች ጠረጴዛው ሥር ገባች። ከዚያ ስትወጣ ጉልበቷን እያራገፈች ለብቻዋ ፈገግ አለች።

የኔትወርክ ቴክኒሻኑን፣ ረጅሙ የሚሉትን፣ ኮሪደሩ ላይ ገመድ በክንዱ እየጠመጠመ አገኘችው።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«የተኛ ሰው ማን እንዳየው በምን ያውቃል?»

«አዲሱን ስዊች ከመጋዘን የተረከበው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እንደታሸገ ነው ያመጣሁት።» ዓይኑን ሰበረ።

«ልጅቷ ወደ ክፍላችሁ ብትመጣ ደስ ይልህ ነበር?»

ረጅሙ ገመዱን መጠምጠም አቆመ። «አለቃ እኔን ሲያስተምረኝ እንደዚያ ታግሶ አያውቅም። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።»

ሌላም የዋጠው ነገር እንዳለ ገባት። ለጊዜው ተወችው።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ መጋዘን ነው የሚባሉት። ወገባቸው ላይ የቁልፍ መዓት ይንኳኳል። ገና ሳትቀመጥ ሐዘናቸውን አወረዱት።

«ወንድሜ ማለት ነበር! ስንቴ ‹ከገመድ ጋር አትጫወት› አልኩት! እኔ አንዴ አምፖል ስቀይር አንዘፍዝፎ ከጣለኝ ወዲህ ገመድ የሚባል አልነካም።»

እውነታቸውን ነው። ጠረጴዛቸው ሥር የስልክ ሽቦ ያልፋል፤ እሳቸው ሁለት እግራቸውን ወደ ጎን ሰብስበው ነው የተቀመጡት።

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ግን ኢንስፔክተር፣ ያችን ልጅ ጠይቃችኋል? ጠዋት ሲያባርራት በዚያ ሳልፍ ሰምቻለሁ። የተዋረደ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።»

«ምን ሲላት ሰሙ?»

«‹ምንም የነካሽው ነገር የለም› ሲላት።»

«አመስግናለሁ፣ ጋሼ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ከልቧ ነበር።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሦስቱን ኔትወርክ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ አልነበረም። ከሟቹ እጅ የተገኘውን ገመድ አንዱን ጫፍ ብርሃን ከሚያርገበግቡት ዕቃዎች በአንዱ ላይ ሰካችና የተላጠውን ጫፍ ዘረጋችላቸው።

«ያዙት።»

ረጅሙ ሳያቅማማ ጨበጠው። ሄሎም ያዘችው። ጋሼ መጋዘን ጀርባቸው ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«ኧረ ሰዎች! ያ ነገር ይገድላል!»

«አይገድልም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የኔትወርክ ገመድ መልእክት ነው የሚያመላልሰው፤ ሰው የሚጥል ጉልበት የለውም። ይህን ረጅሙም ሄሎም ያውቃሉ። ከሁለቱ አንዳቸው ገድለው ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪክ ያዘው ለማሰኘት የመብራት ገመድ ያስይዙት ነበር። ይህን ያስያዘው ገመድ ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።»

«መፍራት ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ግን ፈሪው ሌላም ስህተት ሠርቷል። ይህ ሁሉ ሰው ሬሳውን አየ፤ ሄልፕ ዴስክ በቀን መቶ ጊዜ የሚጠይቀውን ግን የጠየቀ የለም፦ ተሰክቷል ወይ? የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ጠረጴዛው ሥር እንዲሁ ተጋድሞ ነው ያገኘሁት። ገዳዩ የተሰካ ገመድ መንካት ፈርቶ፣ ለልምምድ የተላጠውን የሞተ ገመድ ለሟች አስያዘው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።»

የጋሼ መጋዘን ቁልፎች መንኳኳት ጀመሩ።

«ካርቶኑ አዲስ ነው፤ ውስጡ የነበረው ስዊች ግን ሌላ ቦታ ያገለገለ ነው፤ የድሮ ባለቤቱን ስም አልረሳም። ረጅሙ ታሽጎ የተረከበው ከመጋዘን ነው። አዲሶቹን ለመሸጥ አውጥቶ በቦታቸው አሮጌ የሚያሽግ ሰው ደግሞ የመጋዘን ቁልፍ ያለው ነው። ጋሼ፣ አለቃው ምሳ ሰዓት ጠርቶ ስለዚሁ ጠየቀዎት። ያ ስዊች ግን ዛሬ ከዚህ ክፍል ጠፍቷል።»

በሩ ተከፈተ። ሳጅኑ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የብረት ዕቃ ይዞ ገባ። «መጋዘኑ ውስጥ፣ ከአሮጌ ወንበሮች ሥር» አለ። አንዱ ማዕዘኑ ተጣሟል፤ የደረቀ ደምና ጸጉርም ይዟል።

ጋሼ መጋዘን ቁጢጥ አሉ። «ልወስደው ነበር እንጂ… አልሰጥም ብሎ ታገለኝ» አሉ ፊታቸውን ሸፍነው። ሳጅኑ ደግፎ አስወጣቸው።

ሄሎ አልተንቀሳቀሰችም። «እኔ ባልነግረው ኖሮ በሕይወት ነበር። እሱ ደግሞ እንዳባረረኝ ሞተ።»

«የገደለው ሰው አሁን ወጥቶ ሄዷል፤ የሱን ጥፋት አንቺ አትሸከሚ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ደግሞም አላባረረሽም። ኮሪደሩ ላይ የቆመውን አይቶ ነው የጮኸው። ‹ምንም የነካሽው ነገር የለም› ያለው ለሌላ ጆሮ ነበር። ጋሼ መጋዘን ሰሙት፤ አመኑትም። ስዊቹን እንዳየሽው እንዳያውቁ አንቺን ደበቀሽ።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

ኢንስፔክተሯ አዲሱን ፒንሳ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ሰጠቻትና ወደ ረጅሙ ዞረች። «ይሄ መቼ ተሰቀለ?»

ረጅሙ አንገቱን ደፋ። «ከጩኸቱ በኋላ። ለምሳ ስወጣ ስሟን ለጥፎ ሲሰቅለው አይቻለሁ። ቀናሁ መሰለኝ። ከነገሩ ጾም እደሩ ብዬ ዝም አልኩ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ቀና አለ። «ይቅር በይኝ።»

ከኮሪደሩ ማዶ የሄልፕ ዴስኩ ስልክ መጮኽ ጀመረ። ሄሎ በልማድ ልትሮጥ ስትል ረጅሙ ክንዷን ያዛት።

«ተይ፤ እኔ አነሳዋለሁ። አንቺ ያንን የተላጠ ገመድ ጫፉን አስተካክይው።»

ሄደ። እሷ ፒንሳውን በሁለት እጇ ይዛ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከወዲያ ማዶ የረጅሙ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ሄሎ? … ተሰክቷል ወይ?»