ስምንት ሜትር ላይ

ሰብሪና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ክብ ሠርታ አሳየች። በጠላቂዎች ቋንቋ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ግራ እጇ ግን ጆሮዋን አልለቀቀም።

የክፍል ጓደኛዋ ፅዮናዊት አንድ ክንድ ርቃ ተንሳፋ ታያታለች። ሙሻ ደሴት አጠገብ፣ ስምንት ሜትር ጥልቀት ላይ ናቸው። የኮራሉ አለት ግንብ ከእግራቸው ሥር ቁልቁል ይወርዳል፤ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ይርመሰመሱበታል። አንዲት የባሕር ኤሊ ማንንም ሳትፈራ አለቱን ትግጣለች። አሰልጣኛቸው አብዱላሂ ከታች ሆኖ «ውረዱ» የሚል ምልክት ሰጣቸው። የመጨረሻው ፈተና ነው፤ አሥራ ሁለት ሜትር ደርሰው ከተመለሱ የጠላቂነት ፈቃድ ያገኛሉ።

ጠዋት ወደብ ላይ ሰብሪና፣ «ጉንፋን ይዞኛል፤ ለኮች ትንፍሽ እንዳትዪ! ካወቀ አያስወርደኝም» ብላት ነበር። ፅዮናዊትም «እሺ» አለቻት። በጉንፋን የተዘጋ ጆሮ ጥልቀት ላይ ሊጎዳ እንደሚችል ግን ሁለቱም ተምረዋል።

ከመነጽሩ በስተጀርባ የሰብሪና ዓይኖች በሕመም ተጨፈኑ።

ፅዮናዊት ክንዷን ያዘቻትና አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። እንውጣ! ሰብሪና ራሷን በእምቢታ ወዘወዘች። ፅዮናዊት ምልክቱን ደገመችው። ቀስ ብለው፣ የትንፋሻቸውን አረፋ ሳይቀድሙ ወጡ።

«አበላሸሽው!» አለች ሰብሪና ጀልባው ላይ እንደወጡ።

አብዱላሂ ተከትሏቸው ደረሰ። «ምን ሆናችሁ?»

«ጆሮዬን ነው ኮች፤ አሁን፣ ውሃ ውስጥ ነው የጀመረኝ።»

አብዱላሂ ወደ ፅዮናዊት ዞረ። «አንቺስ የምታውቂው ነገር አለ?»

«የለም» ብትል፣ እሷን ብቻ ከሚቀጥለው ቡድን ጋር ወዲያው ለፈተናው እንደሚያስወርዳት ታውቃለች።

«አለ» አለች። «ጉንፋን እንደያዛት ጠዋት ነግራኛለች። ልነግርዎት ሲገባ ዝም አልኩ።»

አብዱላሂ ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ዛሬ ሁለታችሁም አትወርዱም። እሷን መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ፈተናው ለሚመጣው ወር ነው።»

ፅዮናዊት ለመጥለቅ የታጠቀችውን ከባድ የእርሳስ ቀበቶ ፈትታ አስቀመጠች።

ሲመለሱ ሰብሪና ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። አፏን የከፈተችው የወደቡ ዳርቻ፣ ራስ ዲካ፣ ከሩቅ ሲታይ ነው።

«ለእማዬ ምን እላታለሁ?»

«የሆነውን ነዋ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ካርቲየ 5፣ ቤታችሁ ድረስ አብሬሽ እመጣለሁ።»

«ብትቆጣስ?»

«ሁለታችንንም ትቆጣን» አለች ፅዮናዊት፤ ተጠግታም አጠገቧ ተቀመጠች።