ዘንገና ላይ የታዩት ሁለት መብራቶች

የአበረ አስከሬን ከዘንገና ሐይቅ ሲወጣ ቀኝ እጁ የተነቀለ ደንገል እንደጨበጠ ነበር። ወንድሙ አድማሴ ጣቱን በሟቹ ሚስት በደጊቱ ላይ ቀሰረ። «ከአፋፉ የገፋችው እሷ ናት!» አለ። ደጊቱ በዚያው ዕለት ታስራ ዳንግላ ወረደች። ከተፈረደባት የሚጠብቃት ገመድ ነው።

ጉዳዩን የያዘው መቶ አለቃ አስማረ ነበር፤ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ የሚያስጨርስ መርማሪ።

«ፈረስ ልናጠጣ ፋኖስ ይዘን ወረድን» አለችው ደጊቱ። «አፈሩ ከዳው። እጄ አልደረሰለትም፤ ዋና አላውቅ፤ ገመድ የለኝ። ጮህኩ ጌታዬ፤ ማን ይስማኝ?»

እውነት ለመናገር፣ አስማረም አላመናትም።

«አንተ የት ነበርክ?» ሲል አድማሴን ጠየቀው።

«ዳንግላ። ጨው ጭኜ ወርጄ እዚያው አደርኩ።»

«ጮኼ ነበር ትላለች።»

«ብትጮህስ ማን አለ? አውሮፕላኑ እንኳ ዞሮ ዞሮ ነው የኸደ!»

አስማረ ስለ አውሮፕላን ሰምቶ አያውቅም ነበር። አጠያይቆ አብራሪውን ካፒቴን ሀብቱን አገኘው።

«ስለ መብራቶቹ ከሆነ ይተዉኝ» አለ ሀብቱ። «አለቆቼ ዐይንህን ተመርመር ብለውኛል።»

«እኔ አልስቅብዎትም።»

«ሊጨልም ሲል ነው፤ መሬቱና ሰማዩ አልለይ ብሎኛል። ሁለት መብራቶች ናቸው። አንዱ ሽቅብ ሲወጣ ሌላው ቁልቁል ይወርዳል፤ ተመልሰው ደግሞ ይገጥማሉ። ሁለቴ ዞሬ አየሁ። ፈራሁና ሄድኩ።»

«ይህን ለማን ተናገሩ?»

«ለአለቆቼ። አሁን ደግሞ ለእርስዎ።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አስማረ ደጊቱን፣ አድማሴንና ሀብቱን ከሐይቁ አፋፍ ሰበሰባቸው። ከታች አንድ ፖሊስ ፋኖስ ይዞ ውኃው ዳር ቆሟል።

«አንሳው!» ሲል አስማረ ወደ ታች ጮኸ።

ፋኖሱ ከፍ ሲል ውኃው ውስጥ ሌላ ፋኖስ ቁልቁል ሰመጠ። ዝቅ ሲል ሁለቱ ገጠሙ።

«እነዚህ ናቸው!» አለ ሀብቱ።

«ካፒቴን፣ ዐይንዎ ደህና ነው። ያዩት ደጊቱ ያውለበለበችውን ፋኖስና ውኃው ውስጥ ያለ ምስሉን ነው። ገድሎ የሚሸሽ ሰው መብራቱን ያጠፋል እንጂ ለአውሮፕላን አያውለበልብም። ደንገል የሚበቅለውም ውኃው ዳር ነው፤ ከአፋፍ የተገፋ ሰው ጥልቁ ውኃ ላይ ይወድቃል እንጂ ደንገል አይጨብጥም። አበረ ተንሸራትቷል። ደጊቱ ነጻ ናት።»

ወደ አድማሴ ዞረ።

«አውሮፕላኑ መዞሩን ማን ነገረህ? ከዳንግላ አይታይም። እዚህ ነበርክ፤ የጭነት ገመድህን እንደያዝክ። ልጅ ስለሌላቸው የወንድምህ ርስት ላንተ ይመለሳል። ጩኸቷን ሰምተህ ቆምክ።»

አድማሴ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔ አልነካሁትም!»

«አውቃለሁ» አለ አስማረ፤ ድምፁ ወረደ። «ለዚህም ነው ሕጉ ከጥቂት ወር እስራት በላይ የማይሰጥህ። ወጥተህ መሬቱን ታርሳለህ።»

ከዚያ በላይ ሊያስቀጣው አለመቻሉ አስማረን አናደደው።

ደጊቱ እጇ ሲፈታ ማንንም አላመሰገነችም። ወደ ሀብቱ ተጠጋች።

«አውሮፕላኑ ሲዞር፣ አዩን ብዬ አበረን ‹በርታ፣ ደረሱልህ› አልኩት» አለችው። «አመነኝና መጮኹን ተወ።»