የሊስቴሎው ሌላኛው ጫፍ

እኔ ጣሪያ ሲንኮሻኮሽ አይጥ ነው፣ በር ሲጢጥ ሲል ማጠፊያው ዘይት አጥቶ ነው ብዬ የማልፍ አናጢ ነኝ፣ መንፈስ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝም ፊቴን አዙሬ መላጊያዬን እገፋ ነበር፣ ይኼን የምነግርህም ላሳምንህ ብዬ ሳይሆን ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ። እትዬ አሰለፈች የሚባሉ ሴት ነበሩ፣ አንድ ልጃቸው ታደለ እንደኔው አናጢ ነበር፣ ከጥድ ሌላ እንጨት የማይወድ፣ የእናቱን ሳሎን ኮርኒስ መትቶ ዙሪያውን ሳይጨርስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዙሪያው የምልህ ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበትን ስንጥቅ የሚሸፍነው ሊስቴሎ ነው፣ እሱ ካልተመታ ቤት ያለቀ አይመስልም። እትዬም «ልጄ ሲመጣ ጎዶሎ እንዳያገኘው፣ አንተ ጨርስልኝ» ብለው ለመኑኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከተማው ጉም ለብሷል፣ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ወጥተው ብቻዬን ቀረሁ። የቀረኝ ረጅሙ ግድግዳ ነበር፣ ያን የሚያህል ሊስቴሎ ደግሞ ለብቻ አይመታም፣ አንዱ ሲመታ ሌላው ጫፉን ደግፎ መያዝ አለበት። እስቲ ልሞክረው ብዬ መሰላሌ ላይ ወጣሁና አንዱን ጫፍ ጥግ አስያዝኩ፣ ሌላኛው ይወድቃል ስል፣ እመነኝ፣ እላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላዬ ኮቴ ሰምቼ ነበርና እትዬ የተመለሱ መሰለኝ፣ ዞር እንኳ ሳልል፣

«እትዬ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አልኩ።

ከፍ አለ።

«በቃ፣ እንደሱ ይያዙልኝ።»

እየመታሁ የሰው ትንፋሽ ይሰማኛል፣ የምመታው ባሕር ዛፍ ሆኖ ሳለ ደግሞ የጥድ ፍቅፋቂ ሸተተኝ። መሰላሉን ላዛውር ወርጄ ዞር ስል ማንም የለም። ጫፉ ግን ያለ አንድ ሚስማር ኮርኒሱ ላይ ተለጥፏል፣ ያለ መወጣጫ ማንም እዚያ አይደርስም፣ ከሥሩ ደግሞ ምንም የለም። ፈዝዤ ሳየው ሰው እንደሚያወርደው ቀስ ብሎ ወረደ።

ወዲያው እትዬ ነጠላቸው በጉም ርሶ ገቡ። መናገር አልፈለግኩም ነበር፣ ፊቴን አይተው ሲጠይቁኝ ግን የሆነውን ነገርኳቸው። አልደነገጡም።

«በየት በኩል ነበር?» አሉ፣ አሳየኋቸው፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ምነው ዛሬን ባልወጣሁ!» አሉና «እስቲ እንደገና አንሳው፣ እኔ ትንፍሽ አልልም» ብለው ጥጉ ላይ ተቀመጡ።

አነሳሁት፣ ወደቀ። ደግሜ አነሳሁት፣ ወለሉን ደበደበው። በመጨረሻ እትዬ ራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ያዙልኝ፣ እኔም መምታት ጀመርኩ።

«ልጄ ከስቷል?» አሉኝ፣ እንጨቱን እንደያዙ።

«አላየሁትም እትዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።»

«አዬ፣ ዞር ብትልልኝ ምን ነበረበት» አሉ፣ ሲወቅሱኝ እንኳ አይደለም፣ እንዲያው ለራሳቸው።

በኋላ ደርግ ወደቀ፣ ወታደሩ እየተንጠባጠበ ወደየቤቱ ገባ፣ ታደለ ግን አልመጣም፣ መርዶውም አልመጣም። ጫፉን ማን እንደያዘልኝ ዛሬም አላውቅም፣ አንዴ ዞር ብል ኖሮ ለእናቱ የምነግራቸው አንድ ነገር ይኖረኝ ነበር። እትዬ እስኪያርፉ ድረስ ያን ቤት ባዶውን ትተው ወጥተው አያውቁም፣ ጎረቤት «ለክብረ በዓሉ እንኳ ይምጡ እንጂ» ሲላቸው፣ «ዛሬም ስወጣ ቢመጣስ?» ይሉ ነበር።