ጀርባ ለጀርባ

ሰው ሲወድ ጆሮው ይደፈናል ይባላል። የዚህች ልብስ ሰፊ ጆሮ ግን አልተደፈነም፤ ሰምታለች። የሰማችውን ነው እንደሚጥማት የፈታችው።

ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ስትውል ወገቧ አልታዘዝ አላትና ዮጋ ጀመረች። የሚሠሩባት ከዕቃ መጋዘን በላይ ያለች ቀዝቃዛ አዳራሽ ነበረች፤ አስተማሪዋም ድምፃቸውን የማያነሱ ጡረተኛ ነርስ ናቸው።

«ጭንቅላታችሁ ለፍላፊ ጎረቤት ነው» ይሉ ነበር። «ሲመጣ አትጣሉት፤ ወንበር ግን አትስጡት። ከሥሩ ዝቅ ብሎ የሚናገር አለ፣ እሱን አድምጡ።»

በዚያ አዳራሽ ሁለት ሁለት ሆኖ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፎ መቀመጥ ልማድ ነው። አንዱ የሌላውን ትንፋሽ በጀርባው ያዳምጣል። ለእሷ የደረሳት አንድ ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ ቁመቱ ቅጥ ስላጣ ሁሉም «ቀጭኔ» ነው የሚለው።

«ጭንቅላቴ ከጠፋብሽ ወደ ላይ ፈልጊው» አላት።

«ከደመናው በላይ ነው በታች?»

«እንደ አየሩ ሁኔታ።»

«ኧረ እናንተ! ትንፋሽ አልኩ እንጂ ወሬ አልኩ?» አሉ አስተማሪዋ።

ቀስ በቀስ ያንን ጀርባ ለመደችው። ሙቀቱን ናፈቀች። ታዲያ ትንፋሹ አንዳንዴ መሀል ላይ ይደናቀፋል፤ ቆም ይልና ደግሞ እንደ ሮጠ ሰው ይጣደፋል። ጭንቅላቷ ተሽቀዳድሞ «አየሽ? አንቺን ሲነካ ነው። ወዶሻል!» አላት። ከሥር ግን አንድ ቃል ብቻ ተሰማት፦ «ታሟል።»

ጣፋጩን ይዛ መራራውን ተወችው።

ወደ አዳራሹ ሲወጡም ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ይደገፋል።

«ምነው?»

«ሊፍት የለመደ ሰው ደረጃ መች ይሆንለታል!»

ከእኔ ጋር ለመቆየት ነው የሚዘገየው ብላ ልቧ በደስታ ሞላ። እሷም አብራው ቆመች። እዚያው ደረጃ ላይ ነው መጀመሪያ እጇን የያዘው፤ ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሚጠግነው ሊፍት አጠገብ ተንበርክኮ ቀረ፤ ሰዎች አንሥተው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ ደም የሚያሳልፈው የልቡ በር ከተበላሸ መቆየቱን፣ ልቡም መድከሙን ነገሩት። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኦፕራሲዮን ይደረግ ነበር፤ አሁን ግን አይችለውም አሉ።

«እኔ እኮ ፍቅር መስሎኝ ነበር» አላት ከአልጋው ላይ። «አንቺን ስደገፍ ልቤ ሲዘል እሰይ እል ነበር።»

መሳቅ አቃታት።

«ፍቅርም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቱ ተያይዘው መጡብኝ እንጂ።»

«እኔ ሰምቼ ነበር» አለችው። «ታሟል የሚል ነገር ከውስጤ ተናግሮኝ ነበር። አልወደድኩትምና ዝም አልኩ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ነገ አትምጪ» አላት።

እናቷ ነገሩን ሲሰሙ ወገባቸውን ያዙ። «እያየሽ ገደል ትገቢያለሽ? ሰው ቬሎ ይሰፋል፣ አንቺ በገዛ እጅሽ ጥቁር ልትሰፊ ነው? ራሱ አትምጪ ካለሽ ተገላገልሽ፣ ልጄ!»

ክፍሏ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን የሚደግፍ ሰው አልነበረም። ለፍላፊው መጣ። «ገድለሽዋል፣ ካሺው» አለ። ወዲያው ደግሞ «ወጣት ነሽ፣ አምልጪ» አለ። የእናቷን ድምፅ ተውሶ ጮኸ፣ የሰፈሩን ሰው ሳቅ አመጣ። አልተጣላችውም፤ ወንበርም አልሰጠችው። እግሯ እስኪደነዝዝ ጠበቀች። መጨረሻ ላይ ጸጥ ሲል፣ ጸጸትም ፍርሃትም የሌለበት አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ተነሥታ ወጣች።

እሱ ከሐኪም ቤት ወጥቶ፣ ተከራይቶ ወደሚኖርባት አንዲት ክፍል ተመልሶ ነበር። በሩን ከፍቶ መቃኑን ያዘ።

«ለካሳ ከሆነ የመጣሽው ተመለሺ። ሰው ሲያዝንልኝ እያየሁ መሞት አልፈልግም።»

«ካሳ የሚለውም መጥቶ ብዙ ለፈለፈ» አለችው። «ደክሞት ሄደ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«እኔ ቀረሁ። ጫማዬን የት ላውልቅ?»

ተጋቡ። ብዙ አልኖረም፣ ልጆቼ፤ ይህን ልሸፍንላችሁ አልችልም። የታመመ ሰው ቤት እንደ ተረት አይደለም፤ ያበጠ እግር አለ፣ ቁጣ አለ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ የሚያነጋ ሰው አለ። በመሀሉ ሳቅም ነበር። አንድ ጠዋት፣ ፊቱን ልታጥበው ውሃ ይዛ ስትመጣ፣ ሄዷል።

ከቀብር መልስ እናቷ ከጎኗ ተቀምጠው እንባቸውን ጠረጉ።

«አላልኩሽም ነበር፣ ልጄ?»

«ብለሽኛል፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይኸው ታለቅሻለሽ።»

«አለቅሳለሁ» አለች። «የማለቅሰው ግን ለእነዚያ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ በደስታ ለሳቅኩባቸው። ለእነዚህ፣ ዐውቄ ለኖርኳቸው ለኋለኞቹ አይደለም።»