ያላስነጠሰው ሬሳ

ኢንስፔክተር እስከዳር ሟቹን መጀመሪያ ያየችው በባጃጅ ሹፌር ስልክ ላይ፣ ሰው ሲስቅባቸው ነው።

በዕለተ እሑድ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ ቡሬ መናኸሪያ ስትወርድ አንድ ባጃጅ ያዘች። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያስነሳ ስልኩን ወደ ኋላ አዞረላት።

«እህቴ፣ ይችን አይተሻል? ትናንት እዚሁ የሆነ ነው።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስክሪኑን የሞላው የተጠቀለለ ሰሌን ነበር። ከሰሌኑ ጫፍ መቃ ብቅ ብሏል፤ በመቃው አንገት ላይ ጥቁር የእሳት ጠባሳ እንደ ቀለበት ዞሯል። የሰው እጅ መጥቶ በመቃው አረቄ አንቆረቆረ። ጥቂት ቆይቶ ሰሌኑ ይንፈራገጥ ጀመር። ከካሜራው ጀርባ አዳራሽ ሙሉ ሰው «ይማርህ! ይማርህ!» እያለ ይንከተከታል። ሰሌኑ ጸጥ ካለ በኋላም ጭብጨባው አላባራም።

«ሰውየው እኮ እየሞቱ ነው» አለች እስከዳር።

«እሱማ አዎ» አለ ሹፌሩ፤ «ግን ሲያዩት ያስቃል።»

እስከዳር ወርዳ በእግሯ ሄደች።

«ያስነጠሰው ሬሳ» የተባለውን ፊልም የማያውቅ የቡሬ ሰው የለም። ሁለት ሌቦች የሰረቁትን ማር ከጓደኛቸው ጋር በሰሌን ይጠቀልሉና ሬሳ ነው ብለው በኬላ ሊያሳልፉት ይነሣሉ። ጓደኛቸው ዝም እንዲል በመቃ አረቄ ያጠጡታል። ማሩ ግን ጉንዳን ይጠራል፤ ጉንዳኑ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ ኬላው ላይ ሬሳው ያስነጥሳል። ፈታሹ በልማዱ «ይማርህ» ሲል ሬሳው ከሰሌኑ ውስጥ «ይቅርታ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ወዴት እንደሚሄድ ራሱም አያውቀውም። ሲወጣ አዲስ አበባ ላይ የሚያየው አጥቶ ቶሎ ከሲኒማ ወረደ። ተንቆ የቀረውን ፊልም የቡሬ ተማሪዎች በስልክ ሜሞሪ እየተቀባበሉ አነሡት፤ ቃል በቃል ሸመደዱት። በየዓመቱ በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የፊልሙ አዘጋጅ በሆነው በዘመኑ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ሬሳውን ሆነው የተጫወቱት ጋሽ ገነነ፣ የሽንዲ መንገድ ዳር ገበሬ፣ ከስክሪኑ ፊት ዳግም በሰሌን ተጠቅልለው ይተኛሉ፤ ከፊልሙ እኩል ያስነጥሳሉ፤ ሲያልቅ ተነሥተው እጅ ይነሣሉ። ትናንት አላስነጠሱም፤ አልተነሡምም።

እስከዳር ፊልሙን አይታው አታውቅም። በሬሳ ምን ያስቃል ባይ ነች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ በላስቲክ የታሰረውን መቃ ሰጣት። «የእህል ነቀዝ መድኃኒት ነው የገደላቸው። ቡሬ ላይ እህል ያለው ሁሉ ቤት ይገኛል። መቃውም ከላይ እስከ ታች ውስጡ ያው መድኃኒት ነው።» ላስቲኩን ገለጥ ስታደርገው የገማ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አፍንጫዋን መታው። መቃው ደረቅ ነው፤ ያን ጥቁር ቀለበት አንገቱ ላይ አስሯል።

ግቢው ውስጥ የሟች ባለቤት እማማ ንግሥቴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረሰንበት ቆመዋል።

«ራሱን ገደለ ይሉኛል ልጄ» አሉ እማማ ንግሥቴ። «ማሽላ እያረረ ይስቃል ሲባል ሰምቻለሁ። ሰው ሲያርር ቆሞ የሚስቅ ግን ትናንት ገና አየሁ።»

«ራሳቸውን ገደሉ ያለው ማነው?»

መልሱን የሰጡት መምሬ ናቸው። «ዘመኑ ነው። ‹መርዙን በአፉ ይዞ ነው ሰሌን ውስጥ የገባ› ብሎ በሰው ፊት ምሏል። እኔ አልፈረድሁም ልጄ። ግን በገዛ እጁ ነፍሱን ላጠፋ ፍትሐት የለውም፤ ሥርዓቱ ነው። ጀንበር ሳትጠልቅ የሚያስተባብል ካልተገኘ ያለ ጸሎት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ልንቀብረው ነው።»

«አንድ ልጅ አልወለድንም» አሉ እማማ ንግሥቴ። «ከእሱ አጠገብ እተኛለሁ ብዬ ነበር። አጥሩ በመካከላችን ሊቆም ነው።»

«እማማ፣ ሰሞኑን ምን ይሉ ነበር?»

«ንስሐ ገብቶ ነበር። ‹በሞት ስቀልድ አረጀሁ። ይችን አንዷን ለልጆቹ ብዬ እተኛለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ሰሌን የምገባው ለእውነቱ ነው› አለኝ። የፊልሙን ኮት ሳይቀር አብሮት ለተጫወተው ለቢያዝን ሰጠው። ለዘመኑም ነግሮታል።»

ዘመኑ ቢሮው ውስጥ ሽቶ አርከፍክፎ ጠበቃት። ግድግዳው በሰሌንና በጉንዳን ሥዕል ተለብጧል። ከወንበሩ በላይ በቁልፍ የሚዘጋ የመስታወት ሳጥን ተሰቅሏል፤ «የፊልሙ የመጀመሪያው መቃ» የሚል ጽሑፍ አለበት። መስታወቱ ጉም ለብሶ ውስጡ ያለው በቅጡ አይታይም።

እስከዳር ቀና ብላ አየችው። «ላብ አልቦታል።»

ዘመኑ በመሐረቡ ወልወል አደረገው። ጉሙ አልለቀቀም። «የግድግዳው እርጥበት ነው» አለ።

ውጭ የየካቲት ንፋስ አቧራውን እያነሣ ይበትነዋል፤ በአገሩ እርጥበት የሚባል ነገር የለም። እስከዳር ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሰው ይህን ፊልም ምን ብሎ ይወደዋል?»

ዘመኑ ፊቱ በራ። «የተበላሸ ስለሆነ ነው። ሌባው በሸሚዝ ይገባና በኮት ይወጣል። የበቅሎዋ ቀለም ሁለት ጊዜ ይለወጣል። ስንት ዓመት ሰድበውኛል መሰለዎት። ግን ያልተበላሸ ፊልም የሠሪው ብቻ ነው፤ የተበላሸውን ተመልካቹ ራሱ እየጠገነ ያየዋል፤ ስለዚህ የራሱ ይሆናል። ልጅ እንደ ማሳደግ ነው።»

እውነት አለው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠላት። «ትናንትስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር?»

«ግማሽ። የሚያውቁት ልጆች እየተመረቁ ይሄዳሉ፤ አዲሶቹ ስልካቸው ላይ ናቸው።» ስልኩን አነሣና ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ። «ከትናንት ማታ ወዲህ ግን ይዩ፣ ስንት ሺህ ሰው አይቶታል። ከየአገሩ ‹ሙሉውን ላክልን› ይላሉ።»

«ሰውየው ገና አልተቀበሩም።»

«እግዜር ነፍሱን ይማር። ራሱ መርጦ ነው። ኮቱን እንኳ አስቀድሞ ሰጥቷል። ዕቃውን የሚያድል ሰው መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።»

ትናንት ከጋሽ ገነነ ጋር የተጫወቱትን ሁለቱን ተዋንያን አዳራሹ ደጅ ላይ አገኘቻቸው። ቢያዝን በፊልሙ አንደኛው ሌባ የነበረ፣ ዛሬ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ረጅም ሰው ነው፤ አረቄውን ያንቆረቆረው እጅ የእሱ ነው። ያምሮት የፈታሹን ሚስት ሆና የሠራች አረቄ ነጋዴ ነች፤ ጠርሙሱ የእሷ ነው። ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ጣቱን በሁለቱ ላይ ቀስሯል።

«ከጠርሙሱ የተረፈውን ማን ጠጣው?»

«እኔ ራሴ ተጎንጭቻለሁ» አለች ያምሮት። «ከዚያ የፊት ወንበር ሁሉ ተቀባበለው። ልማዳችን ነው፤ ከሬሳው ጋር እንጠጣለን። ማንንም ሆዱን አልቆረጠው።»

«ካሜራውስ የት ነበር?»

«በየዓመቱ የሚያነሣው እኛን ነው፤ ስንስቅ። ዘንድሮ ዘመኑ ፊልሙ ሳይጀመር አዙሮ ሰሌኑ ላይ ተከለው።»

እስከዳር ወደ ቢያዝን ዞረች። «መቃውን ከየት አመጣኸው?»

«በየዓመቱ ጠዋት ወንዝ ወርጄ እርጥቡን እቆርጣለሁ። ደረቅ መቃ ከንፈር ይሰነጥቃል ይለኛል ጋሽ ገነነ። ትናንትም ቆርጬ ዘመኑ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። ጠቅልሎ መቃውን አፉ ላይ የሚያደርግለት ዘመኑ ነው፤ እኛ ተሸክመን እናወጣለን።»

«ስትቀዳ መቃውን አላየኸውም?»

«ጨለማ ነው። ዓይኔም ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ከፊልሙ እኩል መቅዳት አለብኝ።»

«ሲንፈራገጡስ?»

ቢያዝን አንገቱን ደፋ። የመለሰችው ያምሮት ናት። «ዘንድሮ ጎበዘ ተባብለን ነበር።»

እስከዳር ከሁለቱም ፊቷን መለሰች። ማንም አልገፋቸውም፣ ማንም አላስገደዳቸውም፤ ሰው ሲሞት አጨብጭበዋል። ፊልሙን እንዲከፍቱላት ጠይቃ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች።

እንደተባለው ብልሽትሽት ያለ ፊልም ነበር። ኬላው ጋ ሲደርሱ ጉንዳኗ በሰሌኑ ላይ አዘገመች። ሬሳው አስነጠሰ። ፈታሹ «ይማርህ» አለ። «ይቅርታ» ሲል የተሰማው ድምፅ እንዲያው የጨዋ ልጅ ድምፅ ነበር፤ እስከዳርን ሳቅ አመለጣት። አፏን በመዳፏ ከደነች። ሹፌሩን የተጸየፈችውን ያህል ራሷን ተጸየፈች፤ ቀጥሎም ምስሉን ወደ ኋላ መልሳ መቃው ላይ አቆመችው። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። እማማ ንግሥቴና መምሬ ከፊት ወንበር፣ ቢያዝንና ያምሮት ከኋላቸው፣ ዘመኑ ከግድግዳው ሥር። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። እስከዳር የመስታወቱን ሳጥን አስወርዳ ጠረጴዛ ላይ አኑራለች።

«ከጠርሙሱ እንጀምር» አለች። «ከጋሽ ገነነ ጋር ብዙ ሰው ጠጥቶበታል፤ የታመመ የለም። ስለዚህ ያምሮት ነፃ ናት። መርዙ እሳቸው ብቻ በጠጡበት ነገር ላይ ነበር፤ እሱም መቃው ነው።»

«በአፉ ይዞት ነበር አልሁ እኮ» አለ ዘመኑ።

«አረቄ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መርዙ ከአፋቸው ቢሆን የሚገማው የመቃው የታችኛው ጫፍ ነበር። ይህ ግን እስከ ላይኛው ጫፍ መርዝ ነው። ሳይቀዳበት በፊት ውስጡ ተለቅልቋል።»

መምሬ ገብረሰንበት ቀና አሉ።

«መቃውን ያመጣ ቢያዝን ነው» አለ ዘመኑ።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ቢያዝን ያመጣው ትናንት ጠዋት የተቆረጠ እርጥብ ነው። ከሬሳው ጋር የተገኘው የስንት ዓመት ደረቅ ነው፤ አንገቱም ላይ የእሳት ቀለበት አለው። አሁን ፊልሙን እዩ።» ያቆመችው ምስል ስክሪኑ ላይ በራ። በአሮጌው ፊልም ውስጥ ያለው መቃ ያንኑ ቀለበት አስሯል። «የጋሽ ገነነ መግደያ ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው መቃ። እዚህ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት መኖር የነበረበት። ታዲያ ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድነው? ደረቅ መቃ መስታወት ጉም አያለብስም።»

ዘመኑ ሳያስበው እጁን ወደ ቀበቶው ሰደደ። ቁልፉ እዚያ ነበር። አንዱ ፖሊስ ተቀብሎ ከፈተው። ከውስጥ የወጣው መቃ አረንጓዴ ነው፤ የቢያዝን ማጭድ የቆረጠው አፉ ገና ውሃ ያዣል።

«ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ጠረጴዛው ላይ ያገኘኸውን ከተትህበት» አለች እስከዳር። እስካሁን አንቱ ስትለው ቆይታ ነበር። «መርዙን ቀድመህ አሰናድተሃል፤ ካሜራውን ሰሌኑ ላይ የተከልኸው ፊልሙ ሳይጀመር ነው። የሚሆነውን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ። ማንኛውም መቃ ይበቃህ ነበር። አንተ ግን የሚያውቁት ልጆች ለይተው እንዲያዩት፣ ሞታቸው ከፊልሙ ጋር እንዲገጥም ፈለግህ። ዕድሜ ልክህን የፊልሙን ዕቃ ማገጣጠም አቅቶህ ስትሰደብ ኖረህ፣ የገጠመልህ ይኸው አንዱ ነው።»

ዘመኑ ብዙ አልካደም። ሲናገር ድምፁ ላይ ኩራት ነበረበት፤ እስከዳርን ያንገሸገሻትም እሱ ነው።

«ሊተወኝ ነበር። ከዚህ ወዲያ አልተኛም አለኝ። እሱ ከቀረ ፊልሙ በዓመት በሁለት ዓመት ይሞታል። ትናንት ከሞተ ወዲህ ግን ማንም አይረሳውም፤ እናንተም አትረሱትም።»

ቢያዝን ከኋላ እንትፍ አለ። እማማ ንግሥቴ ዘመኑን አላዩትም፤ የሚያዩት መምሬን ነው።

መምሬ ገብረሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ሰምቻለሁ። እንሂድ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ፍትሐቱን እናድርስለት። ከአጥሩ ውስጥ ነው።»

እማማ ንግሥቴ ያኔ ገና አለቀሱ።

ሬሳው በሰሌን ሆኖ በሽንዲ መንገድ ወጣ። ተማሪዎቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ነበር፤ አንዳንዱ ስልኩን አነሣና መልሶ ኪሱ ከተተው። አቧራው ተነሥቶ ከመሃላቸው አንዱ አስነጠሰው። መንገዱ ሙሉ ሰው አፉን ገጥሞ ቆመ፤ «ይማርህ» ያለ የለም። እስከዳር በልማድ ከንፈሯ ላይ የመጣውን ቃል ዋጠችው።

እማማ ንግሥቴ ተሸካሚዎቹን አስቆሙ። እጃቸውን ሰሌኑ ላይ አሳርፈው «ይማርህ» አሉ። ባላቸው በፊልሙ መልስ የሚሰጥበትን ያህል ቆዩ፤ ከዚያም እንዲቀጥሉ ነገሯቸው።