ሰማይ ላይ ሳለሁ የተሰጠ ምርቃት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ አማትቤ ከመሐል የምወጣ ሴት ነኝ፣ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ቤሩት አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች እንኳ «መነኩሲቷ» እያሉ ይቀልዱብኛል፣ ስለዚህ ይህን ነገር ከእናንተ በፊት ላምን ያልፈለግሁት እኔው ራሴ ነኝ።

እስቴ ያለችው ታናሽ እህቴ ውባለም ደወለችና «እማዬ ደክማለች፣ ሁላችንንም ጉልበቷን አስማ መርቃናለች፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ድረሽ» አለችኝ። ከቤሩት አዲስ አበባ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከዚያ በደብረ ታቦር ዞሮ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ለመግባት ግን በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ይገርማችኋል፣ ባሕርና በረሃ መሻገሩ የእኛን አገር ዳገት ከመውጣት ይቀላል።

የተነሳነው በጠራራ ፀሐይ ነው። መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያሜን ሳነብ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ፣ ያ ደረቁ፣ ተጀምሮ ወደ ውስጥ የሚመለሰው የእማዬ ሳል። ዞር ብል አንድ ወፍራም ሰውዬ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ጥፍት አለ፣ እመኑኝ፣ የሰማሁት ሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ስገልጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍጥጣብኛለች።

«እትዬ፣ የት ጠፍተው ነው? ምግብ መጥቶ ሽንት ቤት ድረስ ፈለግኩዎት እኮ!»

«እኔ? መች ተነሳሁ? አንቺን ሳልረግጥ በየት በኩል ላልፍ?»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው» ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። 

ከሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ በኋላ ሰፈራችን ስደርስ ድንኳኑን አየሁና ገባኝ። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፣ ከሩቅ የመጣ እየጮኸ ሲገባ ለቀስተኛው ተነስቶ ለቅሶው እንደ አዲስ ይቀጣጠላል። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ «እማዬን!» እያልኩ ገባሁ፣ ማንም አልተነሳም። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ውባለም ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። «ምነው እታለም፣ በሰው ፊት? ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በዚያ ዝናብ በስብሰሽ መጥተሽ፣ ተመርቀሽ፣ ቀብሯን እንኳ ሳትቆሚ ጥለሽን ጠፍተሽ፣ አሁን ደግሞ እንደ አዲስ?»

«ውብዬ፣ ማርያምን፣ ገና መድረሴ ነው!»

«ታዲያ እማዬ እጇን ጭና የመረቀቻት ማንን ነው? ‹አሁን ሞላችሁልኝ› ብላ ያኔውኑ አረፈች እኮ!»

ከትናንት ወዲያ በዚያ ሰዓት እኔ አውሮፕላን ውስጥ፣ ከባሕር በላይ ነበርኩ።

የንስሐ አባታችን እስትንፋሷ እስኪወጣ ከአጠገቧ አልተለዩም ነበርና ሄጄ «አባ፣ እርስዎም አይተውኛል?» አልኳቸው።

«አይቼሻለሁ፣ ልጄ። መስቀሉን ብዘረጋልሽ ፊትሽን አዞርሽ። መንገድ አድክሟት ነው ብዬ ተውኩት።»

እማዬ ደስ ብሏት መሄዷን እያነሱ ያጽናኑኛል፣ እሱስ ተመስገን። ግን ያቺን ምን ብላ እንደመረቀቻት ጠይቄ ነበር። «የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ያንኳኳሽው በር ሁሉ ይከፈትልሽ» ነው ያለቻት። የእናት ምርቃት ደግሞ መሬት አይወድቅም። አሁን ተመልሼ ቤሩት ነኝ፣ በር ሲንኳኳ ግን ማን ነው አልልም፣ ቆሜ አዳምጣለሁ፣ እጄም ሳላዘው ወደ ቁልፉ ይሄዳል።